የደተኖች መሬት ርስት አልነበረም፤ አደራ ነበር

ስለ «የሎውስቶን» ተከታታይ ድራማ የተጻፈ አንድ ረዘም ያለ ጽሑፍ ሰሞኑን ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር ሰንብቷል። ለእኔ ብቻ አምስት ሰዎች ልከውልኛል። የአክስቴ ልጅ «ያንተን ድራማ በደንብ የተነተነ ሰው አገኘሁልህ» ብላ ነበር የላከችልኝ። ጸሐፊው ብዕሩ የሰላ ነው፤ ድራማውንም ከልቡ ወዶ እንዳየው ያስታውቃል። ግን አንብቤ ስጨርስ ከፋኝ። የተሳሳተው በጥቃቅን ነገር ቢሆን ኖሮ ዝም ባልኩ። የተሳሳተው ግን በዋናው ጉዳይ ነው፦ መሬቱ የማን ነው በሚለው።

በቅድሚያ ሐሳቡን ሳላጣምም ላስቀምጥ። በድራማው መሃል ያለው የከብት አርቢ ቤተሰብ፣ ደተኖች፣ የርስታቸው ጠባቂዎች ናቸው፣ ስለዚህ ድራማው መሬቱን ለተነጠቀ ኢትዮጵያዊ ትምህርት ቤት ነው ይላል፤ ለዚህም «ርስት በሺህ ዓመቱ ለባለቤቱ» የሚለውን ብሂል ይጠቅሳል። ጠቡ አፈሩን በሚወድ ገበሬና ገንዘብ በሚወድ ኩባንያ መካከል ነው ይላል። ቤተሰቡን ያቆመው የአባት ሥልጣን ነው፣ የፈሰሰውም ደም ሕግ ስላልደረሰላቸው ነው ይላል። ቀጥሎ የድራማውን መጨረሻ ክህደት ብሎ ይጠራዋል፦ የቤተሰቡ ልጅ ኬሲ የአባቱን ርስት በነጻ ሊባል በሚችል ዋጋ ሸጠ፣ ይህም የሆነው ዋናው ተዋናይ ኬቪን ኮስትነር ጥሎ ስለወጣ ደራሲው መላ ስለጠፋው ነው። በመጨረሻም በርስቱ ከተደራደርክ የአባቶችህ መቃብር ሳይቀር ይፈርሳል ብሎ ይዘጋል።

ድራማውን ላላያችሁ መጨረሻውን እዚህ እንደምናገር ከወዲሁ እወቁት። «የሎውስቶን»ን የፈጠሩት ቴይለር ሸሪዳንና ጆን ሊንሰን ናቸው። ከሰኔ 2018 እስከ ታኅሣሥ 2024 በፓራማውንት ኔትወርክ ታይቷል፤ አምስት ምዕራፍ፣ ሃምሳ ሦስት ክፍል ነው (ዓመቶቹ ሁሉ፣ «ዓ.ም.» ካላልኩ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ጆን ደተን፣ በኬቪን ኮስትነር የተተወነው፣ ሞንታና ውስጥ እንደ አንድ ግዛት የሰፋ የከብት ማርቢያ (ራንች) ባለቤት ነው። ራንቹን ከአንድ ጎን የመሬት አልሚዎችና ማርኬት ኢኩዊቲስ የተባለ ኩባንያ፣ ከሌላው ጎን ብሮክን ሮክ የተባለ የቀደምት አሜሪካውያን ማኅበረሰብ ይፈልጉታል። ብሮክን ሮክ በልብ ወለድ የተፈጠረ ስም ነው፤ ከጀርባው ያለው ታሪክ ግን ልብ ወለድ አይደለም።

እንግዲህ ስለ ርስት።

እማዬ የመጨረሻው ምዕራፍ በሚታይበት ወቅት ዴንቨር እኔ ዘንድ ነበረች። በረዶው ከቤት ስላላስወጣት ድራማውን ከመጀመሪያው ክፍል ጀምረን አብረን እያየን፣ እኔ ከጎኗ ቁጭ ብዬ እያስተረጎምኩ ከረምን። በመጀመሪያው ክፍል የደተኖች ከብት ወደ ብሮክን ሮክ ክልል ይገባል፤ ከብቱን ለማስመለስ በሌሊት ተኩስ ይከፈታል። የጆን የበኩር ልጅ ሊ በሞኒካ ወንድም ጥይት ይሞታል፣ ኬሲ ደግሞ የገዛ ሚስቱን የሞኒካን ወንድም ይገድላል። እኔ ተኩሱን ሳስተረጉም እማዬ እጇን አነሣችና አስቆመችኝ። «ቆይ፣ ከብቱ የገባበት መሬት የማን ነው?» አለች። የእነዚያ ነው አልኳት። «እሺ፣ ይሄኛውስ ከማን አገኘው?»

እማዬ ይህን የምትጠይቀው በከንቱ አይደለም። ያደገችው ጎጃም፣ ጠዋት ማታ አባት በሚቆጠርበት ቤት ነው። ርስት ማለት የአቅኚው አባት ዘር ሁሉ፣ ወንዱም ሴቷም፣ ትውልድ ቆጥሮ የሚካፈለው መሬት ነው። እማዬ ራሷ ድርሻዋን ያገኘችው በእናቷ በኩል ነበር። አንድ ሰው ተነሥቶ «ሁሉም የእኔ ነው፣ ለአንዱ ልጄ ብቻ አወርሰዋለሁ» ሊል አይችልም፤ ለባዕድ ሊሸጠውም አይችልም። ስለዚህም ነው ሙግቱ የማያልቀው፣ ስለዚህም ነው ድርሻው እየተከፋፈለ የሚያንሰው። ርስት ከነችግሩ ሰፊ ዘመድን የሚያቅፍ ሥርዓት ነበር።

የጆን ደተን መሬት ከዚህ ጋር ምን አገናኘው? የእሱ መሬት የአንድ ሰው የግል ይዞታ ነው። ለማን እንደሚተላለፍ የሚወስነው እሱ ብቻ ነው። ሠራተኞቹ ደረታቸው ላይ በጋለ ብረት እንደ ከብት ይተኮሳሉ፣ ምልክቱ «የዚህ ራንች ነህ» ማለት ነው። ኬሲን እንኳ ከፈቃዱ ወጥቶ ሞኒካን በማግባቱ ጆን በዚያው ብረት ተኩሶታል። በርስት አገር ልጅ አባቱን ቆጥሮ ድርሻውን ይጠይቃል፤ በደተን አገር ልጅ ይተኮሳል።

የእኛን ታሪክ ካነሣን አይቀር የሚመሳሰለውን እናንሣ። በደቡቡ የአገራችን ክፍል፣ ከምኒልክ ዘመን ዘመቻዎች በኋላ መሬቱ በቀላድ እየተለካ ለወታደርና ለሹም ሲሰጥ፣ ከአያት ከቅድመ አያቱ ጀምሮ ሲያርሰው የኖረው ሰው በገዛ ቀዬው ጭሰኛ ሆኖ ቀረ። ተማሪዎች በ1957 ዓ.ም. «መሬት ለአራሹ» ብለው አደባባይ የወጡት በዚህ ምክንያት ነው፤ የካቲት 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅም ብዙውን ጭሰኛ ያስደሰተው በዚሁ ነው። ይህን የምለው ቁስል ለመቀስቀስ አይደለም። ደተኖችን ከኢትዮጵያ ታሪክ ጋር ማወዳደር የጀመረው ጸሐፊው ነው፤ ካወዳደርን ደግሞ ከሁለት ወንድሞቿ ጋር አንዲት ጥማድ ከተካፈለችው የጎጃም ሴት ይልቅ ለደተን የሚቀርበው የቀላዱ ባለ መሬት ነው።

እውነተኛውን የሞንታና ታሪክም እንይ፤ ጸሐፊው አንድ መስመር እንኳ አልሰጠውምና። ድራማው የተቀመጠበት ፓራዳይዝ ሸለቆ ከየሎውስቶን ብሔራዊ ፓርክ በስተሰሜን፣ በየሎውስቶን ወንዝ ዳር ያለ እውነተኛ ቦታ ነው። የአሜሪካ መንግሥት ከቀደምቶቹ ጋር በተፈራረመው በ1868ቱ የፎርት ላራሚ ውል ወንዙ የክሮው ሕዝብ፣ ራሳቸውን አፕሳሎኬ የሚሉት፣ ክልል ድንበር ነበር፤ የሸለቆው ምሥራቃዊ ዳር የእነሱ ነበር። በ1882 ምዕራባዊው ክፍል ተወሰደባቸው፤ የባቡር ሐዲዱም ወዲያው ደረሰ። ደተኖች በታሪኩ ውስጥ ሞንታና የደረሱበት 1883 በእውነተኛው ታሪክ የሰሜኑ ጎሽ መንጋ አልቆ ያለቀበት ጊዜ ነው። በዚያው ክረምት፣ እዚያው ሞንታና ውስጥ፣ የብላክፊት ሕዝብ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎቹን በረሃብ ቀብሯል። ከዚያ በ1887 የዶውስ ሕግ ወጣ፤ የጋራው መሬት ለግለሰብ እየተሸነሸነ «የተረፈው» ለሰፋሪ ተሰጠ። የቀደምት አሜሪካውያን መሬት ከ138 ሚሊዮን ኤከር ወርዶ በ1934 ወደ 48 ሚሊዮን ገደማ የደረሰው በዚህ ነው።

ስለዚህ «ርስት በሺህ ዓመቱ ለባለቤቱ» የሚለው ብሂል በዚህ ድራማ ውስጥ በእርግጥ ቦታ አለው። ጸሐፊው የሰጠው ግን ለተሳሳተ ሰው ነው።

ሁለተኛው ነጥብ ገበሬና ኩባንያ የሚለው ነው። እዚህ ላይ ግማሹን እቀበላለሁ። የማርኬት ኢኩዊቲስ ዓይነት አደጋ የደራሲ ፈጠራ ብቻ አይደለም። በሞንታናዋ ቦዝመን ከተማና በአካባቢዋ ሀብታም ከየአቅጣጫው እየመጣ ቤት ሲገዛ የተወለደበት ሰው ኪራይ አቅቶት ሲለቅ ታይቷል። ከብት አርብቶ በሚገኝ ትርፍና በመሬቱ የገበያ ዋጋ መካከል ያለው ልዩነት ብዙ እውነተኛ የከብት አርቢ ቤተሰቦችን ሲያስጨንቅ የኖረ ነገር ነው፤ ድራማው ይህን ለብዙ ሚሊዮን ሰው ማሳየቱ ያስመሰግነዋል።

ግን ጆን ደተንን «ገበሬ» ብሎ መጥራት አይሆንም። ጆን ታሪኩ ሲጀምር የእንስሳት ሀብት ኮሚሽነር ነው፤ መሣሪያ የታጠቁ የመንግሥት ወኪሎችን እንደ ግል ዘበኛ ያዝባቸዋል። ልጁን ጄሚን የሕግ ትምህርት ያስተማረው የግዛቱን ሕግ በእጁ ለማድረግ ነው፤ ጄሚ ዋና ዓቃቤ ሕግ ይሆናል። በአምስተኛው ምዕራፍ ጆን ራሱ የሞንታና አገረ ገዥ ሆኖ ቃለ መሐላ ይፈጽማል፤ ሥልጣኑንም ወዲያው ማርኬት ኢኩዊቲስ ሸለቆው ውስጥ ሊሠራ ያቀደውን አየር ማረፊያ ለማገድ ይጠቀምበታል። ይህ ሰው የመንግሥት በር የተዘጋበት ሰው አይደለም። የበሩ ቁልፍ ያለው እሱ ጋ ነው። የአገሬ ገበሬ ወረዳ ጽሕፈት ቤት ደጃፍ ፋይሉን ታቅፎ ሲመላለስ ያየ ሰው ልዩነቱ አይጠፋውም።

ከዚህ የተነሣ «ሕግ ስላልደረሰላቸው» የሚለውም ምክንያት አብሮ ይወድቃል። በዋዮሚንግ ድንበር ማዶ «ባቡር ጣቢያ» የሚሉት ገደል አለ፤ ሰው የማይኖርበት፣ ዳኛም ሸንጎም የሌለው ቦታ ስለሆነ ሬሳ የሚጣለው እዚያ ነው። ወደዚያ የሚወሰደው ጠላት ብቻ አይደለም። ራንቹን ለቆ መሄድ የፈለገ፣ ያየውን ያወራል ተብሎ የተጠረጠረ የገዛ ሠራተኛቸው ጭምር ነው። ይህን ሕግ ያላገኘ ሰው ራሱን መከላከሉ ነው ማለት የማይቻል ነው።

አሁን ወደ ቤተሰቡ። ጸሐፊው ስለ ራት ጠረጴዛው የጻፈውን ሳነብ ደስ ብሎኛል፤ እኔም ከድራማው ሁሉ አብልጬ የምወደው እነዚያን የገበታ ትዕይንቶች ነው። ጆን ልጆቹ አብረውት እንዲበሉ ያዛል፣ ምግቡ ይቀርባል፣ ሁለት ጉርሻ ሳይዋጥ አንዱ ተነሥቶ ይሄዳል። ኬሊ ራይሊ የጆን ሴት ልጅ ቤዝን ሆና ያሳየችው ትወና ደግሞ፣ ጸሐፊው እንዳለው፣ ልዩ ነው። ይሁን እንጂ የገበታው ውበት የቤተሰቡ ጤንነት ማስረጃ ሊሆን አይችልም። የጆን ልጆች ምን ሆኑ? ሊ በመጀመሪያው ክፍል ሞተ። ጄሚ የማደጎ ልጅ መሆኑን የሚያውቀው ጎልማሳ ከሆነ በኋላ፣ የልደት ወረቀቱን አይቶ ነው። በመጨረሻው ክፍል ቤዝ ትገድለዋለች፣ ሬሳውም ወደዚያው ገደል ይሄዳል። ቤዝ መውለድ አትችልም። ጆን የደም የልጅ ልጅ ብሎ የሚያቅፈው የኬሲን ልጅ ቴትን ብቻ ነው፤ እናቱ ሞኒካ ደግሞ የብሮክን ሮክ ልጅ ናት።

የቤዝን ጉዳይ ቆም ብዬ ላንሣው፤ ጸሐፊው «የወንድምና የእህት ጠብ» ብሎ አልፎታል። ቤዝ በልጅነቷ ስታረግዝ ወንድሟ ጄሚን አድነኝ ትለዋለች። ጄሚ ወደ ከተማ ክሊኒክ አይወስዳትም፤ ደተን የሚለው ስም ይታወቃልና። የሚወስዳት ወደ ቀደምት አሜሪካውያን የጤና አገልግሎት ክሊኒክ ነው። እዚያ ጽንስ ማቋረጥ የሚፈቀደው ማኅፀን ከማምከን ጋር መሆኑ ለጄሚ ይነገረዋል፤ እሱ ግን ለእህቱ ሳይነግራት እሺ ይላል። የቤተሰቡን ስም ለመጠበቅ ሲባል የቤተሰቡ ዘር ተቆረጠ።

ይህ ትዕይንት ከአየር ላይ የተወሰደ አይደለም። የአሜሪካ ምክር ቤት የሒሳብ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት በ1976 ባወጣው ሪፖርት፣ ከ1973 እስከ 1976 ባሉት ዓመታት ይኸው የጤና አገልግሎት ካሉት አሥራ ሁለት ቀጣናዎች በአራቱ ብቻ 3,406 ሴቶች እንዲመክኑ መደረጋቸውን መዝግቧል፤ የፈቃድ አወሳሰዱም ጉድለት እንደነበረበት ገልጿል። ደራሲው የባለ መሬቱን ልጅ በዚያ በር ያስገባት ያለ ምክንያት ነው ብዬ አላምንም። መሬቱን ባጡት ሴቶች ላይ የደረሰው በመሬቱ ባለቤት ልጅ ላይ ደረሰ። ድራማውን «የአባት ሥልጣን የሠራው ቤት» አድርጎ የሚያነብ ሰው ይህን ማየት አይችልም፤ ድራማው ግን በግልጽ አስቀምጦታል። ሸሪዳን ራሱ «የወግ አጥባቂዎች ድራማ» ሲባልበት እንደሚገርመው በ2022 ተናግሯል፤ የቀደምት ሕዝቦች መፈናቀል፣ የሴቶቻቸው በደልና የኩባንያዎች ስግብግብነት በውስጡ አሉ ብሎ።

ከሁሉ የሚከብደው መጨረሻው ክህደት ነው የሚለው ክስ ነው። እዚህም ልስጥ የሚገባኝን ልስጥ። የኮስትነር መውጣት ድራማውን ጎድቶታል። የአምስተኛው ምዕራፍ ሁለተኛ አጋማሽ ሲጀምር ጆን ሞቶ ይገኛል፤ ግድያው ራሱን የገደለ እንዲመስል ተደርጎ። አምስት ምዕራፍ ሙሉ የተሸከመን ሰው ሳይሰናበቱ መቅበር ቅር ያሰኛል። ከዚያ በኋላ ያሉት አንዳንድ ክፍሎችም ተንዛዝተዋል፤ ሸሪዳን ራሱ ትራቪስ የተባለውን ገጸ ባሕርይ ሆኖ የሚታይባቸው ትዕይንቶች ቢያጥሩ አልጠላም ነበር።

ነገር ግን መሬቱ ለብሮክን ሮክ መመለሱ ከኮስትነር መውጣት ጋር ምንም አያገናኘውም። የደተኖችን አመጣጥ የሚተርከው «1883» የተባለው ድራማ መጨረሻ የታየው በ2022 መጀመሪያ ላይ ነው፤ የኮስትነር የመውጣት ወሬ ከመሰማቱ አንድ ዓመት ገደማ በፊት። እዚያ ላይ የመጀመሪያው ደተን፣ ጄምስ፣ ቀስት የወጋት ልጁን ኤልሳን ይዞ መቀመጫ ሲፈልግ ወደ ፓራዳይዝ የሚመራው ስፖትድ ኢግል የተባለ የክሮው ሽማግሌ ነው። ሽማግሌው በሰባተኛው ትውልድ ወገኖቼ ተነሥተው መልሰው ይወስዱታል ይለዋል። ጄምስ በሰባተኛው ትውልድ ይወሰድ ብሎ ይመልሳል። ትውልዱ በትክክል ሰባት ይሞላል አይሞላም በሚለው ተመልካች ይከራከራል፤ የተባለው ቃል ግን ተብሏል።

እኛ ይህን የሚገልጽ ቃል አለን፤ ከርስት የሚለይ ቃል። አደራ ይባላል። ደተኖች ወደ መሬቱ የገቡት ባለቤቱ መንገዱን አሳይቷቸው፣ እንደሚመለስ ተነግሯቸው፣ እነሱም እሺ ብለው ነው። አደራ የተቀበለ ሰው ዕቃውን ሊጠብቀው፣ ሊሞትለትም ይችላል፤ ደተኖች ሞተውለታል። መጠበቁ ግን ባለቤት አያደርገውም። አማርኛችን አደራ ለሚያስቀር ሰው የሰጠው ስም ደግሞ ጸሐፊው ለጆን ደተን የሚመኘው ስም አይደለም።

ዋጋውም እንዲሁ የተጣለ ቁጥር አይደለም። ኬሲ መሬቱን ለብሮክን ሮክ ሊቀመንበር ለቶማስ ሬይንዎተር የሚሸጠው በኤከር አንድ ዶላር ከሃያ አምስት ሳንቲም ነው። በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዘመን የአሜሪካ መንግሥት ከቀደምቶቹ የወሰደውን መሬት ለሰፋሪ ይሸጥበት የነበረው መነሻ ዋጋ ይኸው ነው። መሬቱ በሄደበት ዋጋ ተመለሰ። እርግጥ ነው፣ የሒሳብ ምክንያትም አለው። በ2024 ከ13.61 ሚሊዮን ዶላር በላይ ባለው ውርስ ላይ የፌደራሉ መንግሥት እስከ 40 በመቶ ግብር ይጥል ነበር፤ እንዲህ ባለ መሬት ላይ ይህ ግብር ሲሰላ ወራሾቹ ለኩባንያዎቹ ከመሸጥ ሌላ መውጫ አልነበራቸውም። ኬሲ ግን በሽያጩ ላይ መሬቱ ለዘላለም እንዳይሸጥና እንዳይለማ ውል አስገብቷል፤ ለራሱና ለቤተሰቡም ምሥራቅ ካምፕ የተባለውን ጥቂት ቦታ አስቀርቷል። ጆን ዕድሜውን ሙሉ የፈለገው ሸለቆው አየር ማረፊያና ሆቴል እንዳይሆን ነበር። ያ ሆነለት። ያልሆነለት ስሙ ከበሩ ላይ አለመውረዱ ብቻ ነው።

ኬሲ ዋጋውን ሲናገር ለእማዬ አስተረጎምኩላት። «አንድ ብር ከሃያ አምስት?» ብላ ደገመችው፤ ለእሷ ዶላሩም ብር ነው። ከየት የመጣ ቁጥር እንደሆነ ስነግራት ጋቢዋን ወደ ትከሻዋ ሰብስባ ለጥቂት ጊዜ ዝም አለች። ከዚያ «እናትየዋስ ምን አለች?» ብላ ጠየቀችኝ። ሞኒካን ማለቷ ነው፤ ወንድሟን በመጀመሪያው ክፍል የቀበረችውን። እኔ ስለ ኬሲና ስለ ጆን ሳስብ እሷ ለካ ከመጀመሪያው ሌሊት ጀምሮ የሞኒካን ኀዘን ይዛ ነበር የተቀመጠችው።

የቀረው የመቃብሩ ነገር ነው። ጸሐፊው የብሮክን ሮክ ወጣቶች የደተኖችን የመቃብር ድንጋይ ሲገለብጡ የሚታይበትን ትዕይንት ጠቅሶ ጽሑፉን እዚያው ላይ ዘግቷል። ትዕይንቱ ግን እዚያ ላይ አይዘጋም። የሬይንዎተር ቀኝ እጅ የሆነው ሞ ይደርስና ወጣቶቹን ይገሥጻቸዋል። እነዚህ ሰዎች የሞቱት ይህን ምድር ሲጠብቁ ነው፣ አክብሯቸው ይላቸዋል። ከድንጋዮቹ መካከል የኤልሳ መቃብር አለ፤ በዚያ ምድር የተቀበረች የመጀመሪያዋ ደተን ናት፣ መጨረሻውንም የሚተርከው የእሷ ድምፅ ነው። ቤቱ ተነቅሎ ይሄዳል፣ በረቱ ይፈርሳል፣ ሙታኑ ግን ባሉበት ይቀራሉ።

እማዬ ያንን ትዕይንት መልሼ እንዳሳያት ጠይቃኝ ሁለት ጊዜ አይተነዋል።